ምስጢርን ስለ መጠበቅ፤ የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ታሪክ

ጀግና በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ጠመንጃ አንሥቶ በጠላት ፊት የሚቆመውን ብቻ ነው። ነገር ግን አፉን በመጠበቅ አገሩን የሚያገለግል ጀግናም አለ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር እጅግ ብዙ መኪና አሰልፎ ከደሴ ተነሣ፤ ዛሬ አጣዬና ሸዋ ሮቢት በሚገኙበት በይፋት ቆላ አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ወጣ። በዚያ መንገዱ ፈርሶ ነበርና ጥቂት ዘገየ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ግን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ በኋላ ራስ አበበ አረጋይን የመሰሉ አርበኞች በሸዋ ተራራና ቆላ እየተዋጉ ኖሩ። ጥይትና መድኃኒት፥ ይልቁንም የጠላት ወሬ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህንም በከተማ ተቀምጠው በስውር የሚያቀብሏቸው የውስጥ አርበኞች ተባሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባል፥ እያንዳንዳቸው የያዙት ሥራ ቀጭን ክር ቢመስልም በአንድነት ጠላትን ያውክ ነበር። ነገር ግን አንዱ ክር ቢበጠስ፥ ማለት አንዱ ሰው ቢናገር፥ የብዙ ሰው ነፍስ ይጠፋል።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። የጠላት ሰንደቅ ዓላማ በአዲስ አበባ ሲሰቀል ባዩ ጊዜ አለቀሱ ይባላል። ይሁን እንጂ በልቅሶ ብቻ አልቀሩም። ሀብታቸውን ሳይሰስቱ ለአርበኞች ስንቅና ጥይት፥ መድኃኒትና ወሬ ይልኩ ጀመር። ጠላትም ይዞ አሰራቸው፤ የባልንጀሮቻቸውን ስም እንዲናገሩ በኤሌክትሪክ አሠቃያቸው። እርሳቸው ግን ሕመሙን ታገሡ እንጂ ምስጢሩን አላወጡም። ከዚያም ባሕር አሻግሮ አዚናራ ወደምትባል የኢጣልያ ደሴት አጋዛቸው። ወደ አገራቸው በተመለሱም ጊዜ በቃኝ አላሉም፤ አርበኞችን መርዳታቸውን ቀጠሉ፥ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ ለተጣለውም አደጋ ረዳት ሆኑ። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ ለማየት በቁ።

በመጽሐፍ ቅዱስም ረዓብ የእስራኤልን ሰላዮች በጣራዋ ላይ በተልባ እግር ሸሽጋ እንዳዳነቻቸው እናነባለን። የሁለቱም ሴቶች ሥራ አንድ ነው፤ በእጃቸው የተሰጠችውን የሰው ነፍስ እንደ አደራ ጠበቁ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። የሌባን ወይም የግፈኛን ሥራ መሸሸግ ምስጢር መጠበቅ አይባልም፤ ተባባሪነት ነው። ባልንጀራ አምኖ የነገረንን፥ ቢወጣም እርሱን የሚጎዳውን ነገር መጠበቅ ግን የታማኝ ሰው ምልክት ነው። በትንሹ ነገር ምላሱን መግታት ያልለመደ ሰው በጭንቅ ቀን ዝም ለማለት ኃይል አያገኝም። ስለዚህ ይህን ጀግንነት ዛሬ በቤታችሁና በትምህርት ቤታችሁ ተለማመዱት።