ኬንያ፦ በአንደኛውና በሁለተኛው ክትባት መካከል የገባው ዴልታ

የካቲት 26/2013 ዓ.ም በናይሮቢ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የአገሪቱን የመጀመሪያ የኮቪድ-19 ክትባት የወሰዱት ተጠባባቂው የጤና ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ፓትሪክ አሞት ነበሩ። ክትባቱ አገር ውስጥ ከገባ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማዳረሻ ጥምረት በኩል የመጣው የአስትራዜኔካ ክትባት መጠን 1.02 ሚሊዮን ዶዝ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መምህራንና ፖሊሶች ተሰለፉ፤ በመጋቢት ደግሞ ዕድሜያቸው 58 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎችም ተፈቀደ። ለሁሉም የተነገራቸው ከስምንት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው ዶዝ ተመልሰው እንዲመጡ ነበር።

ስምንቱ ሳምንት ሲደርስ ክትባቱ አልነበረም። ቀጠሮው ወደ 12 ሳምንት ተገፋ። በዚሁ የመጠበቂያ ጊዜ ውስጥ ዴልታ የተባለው ልውጥ የቫይረሱ ዝርያ በምዕራብ ኬንያ ታየ። አንድ ዶዝ ብቻ ወስደው ሁለተኛውን ይጠብቁ የነበሩት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አብዛኞቹ ደግሞ በሥራቸው ወይም በዕድሜያቸው ምክንያት ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው ቅድሚያ የተሰጣቸው ነበሩ።

መጋዘኑ ለምን ባዶ ሆነ?

ኬንያ የተቀበለችው ክትባት የተመረተው በሕንዷ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። ኮቫክስ ለድሃና ለመካከለኛ ገቢ አገራት ያቀደው አቅርቦት በአመዛኙ የተመሠረተው በዚህ አንድ አምራች ላይ ነበር። በመጋቢት አጋማሽ ሕንድ በከባድ ማዕበል ስትመታ ምርቱን ለራሷ ዜጎች ለማዋል ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ውሳኔው ከአገሪቱ መንግሥት አንጻር ለመረዳት አይከብድም፤ ናይሮቢ፣ አዲስ አበባና ካምፓላ ላይ ያረፈው መዘዝ ግን ያው ነው። ኢትዮጵያም 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የተቀበለችው በዚያው ሰሞን ከዚሁ ምንጭ ሲሆን ክትባቱን መስጠት የጀመረችው መጋቢት 4 ነበር።

በኬንያ ጤና ሚኒስቴር ፊት የነበረው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ከመጣው ክትባት ግማሹን ለሁለተኛ ዶዝ አስቀምጦ ግማሽ ሚሊዮን ሰው መከተብ፣ ወይም ቀጣዩ ጭነት ይደርሳል ብሎ ሁሉንም ለመጀመሪያ ዶዝ ማዋል። አገሪቱ ሁለተኛውን መንገድ ተከተለች። በወቅቱ ሦስተኛው ማዕበል እየተቀጣጠለ ነበር። መጋቢት 17 ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ናይሮቢን ጨምሮ ከአምስት አካባቢዎች መውጣትም ሆነ ወደ እነርሱ መግባት እንዲከለከል አዘዙ። ብዙ ሰው በትንሹ ይጠበቅ የሚለው ስሌት በዚያን ጊዜ ሚዛን የሚደፋ ነበር። ዴልታ የመጣው ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ነው።

አንድ ዶዝ ዴልታን ምን ያህል ይመክታል?

ክትባቱ ሰውነትን የሚያስተምረው በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ የቆመውን ፕሮቲን እንዲለይ ነው። ቫይረሱ በተራባ ቁጥር የዘረመል ቅጂው ላይ ትናንሽ ስህተቶች ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ፋይዳ የላቸውም። አንዳንዶቹ ግን የእሾሁን ቅርጽ ስለሚለውጡ ቫይረሱ በቀላሉ እንዲተላለፍ ወይም ከበሽታ መከላከያ አካላት በከፊል እንዲያመልጥ ያደርጉታል። በመጀመሪያ ሕንድ ውስጥ የተለየው ዴልታ በእንግሊዝ በተደረጉ ግምቶች ከአልፋ ይልቅ ከ40 እስከ 60 በመቶ ገደማ በበለጠ ፍጥነት ይተላለፋል።

የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በግንቦት ወር ባወጣው መረጃ መሠረት አንድ ዶዝ አስትራዜኔካ በዴልታ ምክንያት የሚመጣን ምልክት ያለው ሕመም የመከላከል አቅሙ 33 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱን ዶዝ ለወሰዱ ሰዎች አሃዙ ወደ 60 በመቶ ከፍ ይላል።

እነዚህ አሃዞች ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባሉ። 33 በመቶ ማለት ከመቶ ተከታቢዎች 33ቱ ፈጽሞ አይያዙም፣ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ናቸው ማለት አይደለም። ካልተከተቡ ሰዎች መካከል 100 ሰው የሚታመም ከሆነ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሚኖሩና አንድ ዶዝ ብቻ ከወሰዱ እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች የሚታመሙት 67 ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ሁለቱን የወሰዱ ቢሆኑ ቁጥሩ ወደ 40 ይወርዳል። ሆስፒታል የሚያስገባ ጽኑ ሕመምን በተመለከተ ውጤቱ የተሻለ ነው፤ ተቋሙ በሰኔ ወር ባወጣው ትንታኔ አንድ ዶዝ አስትራዜኔካ 71 በመቶ፣ ሁለት ዶዝ ደግሞ 92 በመቶ ይከላከላል። ስለዚህ አንድ ዶዝ የወሰደች ነርስ ያለምንም ጥበቃ አልቀረችም። ነገር ግን በየቀኑ ሕሙማንን የምትነካ ሴት ካርዷን ይዛ ተከትቤያለሁ ብላ እንድትዘናጋ የሚያበቃ ጥበቃም አይደለም።

የ12 ሳምንቱ ክፍተት በራሱ ስህተት አልነበረም። የአስትራዜኔካ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ሁለቱ ዶዞች በስድስት ሳምንት ውስጥ ሲሰጡ ክትባቱ 55 በመቶ፣ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲራራቁ ግን 81 በመቶ ውጤታማ ነበር። ይህ ጥናት የተካሄደው ግን ዴልታ ከመስፋፋቱ በፊት ነው። ብሪታኒያ 12 ሳምንትን ስትከተል ቆይታ፣ ዴልታ መዛመት ሲጀምር በግንቦት መጀመሪያ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ዜጎቿ ክፍተቱን ወደ ስምንት ሳምንት አሳጠረች። ለንደን ይህን ማድረግ የቻለችው ሁለተኛው ዶዝ በእጇ ስለነበረ ነው። ናይሮቢ ግን ቀጠሮውን ላሳጥር ብትል እንኳ የምትሰጠው አልነበራትም።

ከኪሱሙ ወደ መላው አገሪቱ

የኬንያ ባለሥልጣናት ዴልታ መገኘቱን ያስታወቁት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ የተገኘውም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ኪሱሙ ውስጥ ይሠሩ በነበሩ የሕንድ ተጓዦች ላይ ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 24፣ ብሔራዊው የማዳራካ በዓል በዚያችው ከተማ ተከበረ። ሰዎችን ማሰባሰቡ ያን ጊዜም ትችት አስነስቶ ነበር፤ አሁን ወደ ኋላ ሲታይ ደግሞ ለመከላከል ይበልጥ የሚከብድ ውሳኔ ነው። ሰኔ 10 መንግሥት ኪሱሙን፣ ቡሲያን፣ ሲያያን፣ ሆማ ቤይንና ሚጎሪን ጨምሮ 13 የምዕራብ አውራጃዎችን በትኩሳት ቀጠናነት ፈርጆ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥር ሰዓት የሚዘልቅ የሰዓት እላፊ ጣለ። በዚያው ሰሞን ድንበር ተሻግራ ያለችው ኡጋንዳ ለ42 ቀናት የሚቆይ ጥብቅ እገዳ አውጃ ነበር። የጭነት መኪናዎች መስመር ከሞምባሳ ተነስቶ በናይሮቢ በኩል ወደ ቡሲያና ወደ ካምፓላ፣ በሌላ አቅጣጫም ወደ ሞያሌ ስለሚዘልቅ፣ የአንዱ አገር ማዕበል የጎረቤቱ መሆኑ አይቀርም።

የጎደለውን ሁለተኛ ዶዝ ለመሙላት ክትባት ከየአቅጣጫው ተለቀመ። ደቡብ ሱዳን ከደረሳት 132,000 ዶዝ ውስጥ የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ ልትሰጠው ያልቻለችውን 72,000 ዶዝ ስትመልስ ወደ ኬንያ ዞረ። ከደም መርጋት ስጋት ጋር በተያያዘ አስትራዜኔካን መስጠት ያቆመችው ዴንማርክ በሰኔ አጋማሽ 358,700 ዶዝ ላከች። ብሪታኒያ 817,000 ለመስጠት ቃል ገብታ የመጀመሪያው ክፍል በሐምሌ መጨረሻ ደረሰ። አንዱ አገር ሊሰጠው ያልቻለው፣ ሌላው አልፈልግም ያለው፣ ሦስተኛው የተረፈው ክትባት ተደማምሮ ነው የናይሮቢ መምህራን ሁለተኛ ዶዝ የሆነው። ስጦታው ነፍስ አድን መሆኑ አያጠራጥርም፤ የጤና ባለሥልጣናት በምን ቀን ምን ያህል እንደሚመጣ አውቀው ሊያቅዱበት ግን አይችሉም።

ነሐሴ 17 በኮቫክስ በኩል ከአሜሪካ የተለገሰ 880,460 ዶዝ ሞደርና ናይሮቢ ገባ። ያው ዕለት የመንግሥት ሠራተኞች በሙሉ እንዲከተቡ፣ አለበለዚያ የዲሲፕሊን እርምጃ እንደሚጠብቃቸው የተቆረጠላቸው ቀነ ገደብ ነበር። ትዕዛዙ ከክትባቱ ቀድሞ ደርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሞደርናም ቢሆን የአስትራዜኔካን ክፍተት በቀጥታ የሚሞላ አልነበረም። እርሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ነበር። አስትራዜኔካን ግን የሕፃናት ክትባት በሚቀመጥበት ተራ ማቀዝቀዣ መያዝ ይቻል ነበር። ለቱርካና ወይም ለማርሳቢት ገጠር ጤና ጣቢያ ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም። ከዚህ አንጻር በአንድ ዶዝ የሚያበቃው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ለእነዚህ አካባቢዎች ይበልጥ አመቺ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት ከኩባንያው 220 ሚሊዮን ዶዝ ለመግዛት የተዋዋለው በመጋቢት ወር ነበር። በነሐሴ ወር ደግሞ በደቡብ አፍሪካው አስፐን ፋብሪካ ከሚታሸገው ክትባት የተወሰነው ወደ አውሮፓ ሲጫን መቆየቱ ተጋለጠ።

የኬንያ መንግሥት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም 10 ሚሊዮን አዋቂዎችን ለመከተብ አቅዶ ነበር። እስከ ነሐሴ 2013 ዓ.ም ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ዶዝ የወሰዱት ግን በዚያን ጊዜ 1 ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም ነበር። ቫይረሱ ባልተከተቡ ሰዎች መካከል በሰፊው በተዘዋወረ ቁጥር ሌላ ልውጥ ዝርያ የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ይህ የሩቅ ስጋት እንዳልሆነ ደቡብ አፍሪካ በ2013 ዓ.ም አይታለች፤ ቤታ የተባለው ዝርያ ቀላልና መካከለኛ ሕመም ሲያስከትል አስትራዜኔካ እምብዛም እንደማይከላከል አንድ አነስተኛ ሙከራ ሲያሳይ ክትባቱን ለመስጠት የነበራትን ዕቅድ አቁማ ነበር። በኬንያ የቫይረሱን የዘረመል ለውጥ በወቅቱ ይከታተሉ የነበሩት በዋናነት በባሕር ዳርቻዋ ኪሊፊ የሚገኘውን የኬምሪ-ዌልካም ማዕከል የመሳሰሉ ጥቂት ቤተ ሙከራዎች ነበሩ።

በየካቲትና በመጋቢት 2013 ዓ.ም አንዱን ዶዝ ወስደው ቀጠሯቸው ያለፈባቸው ሰዎች ደጋግመው ያነሱት የነበረ ጥያቄ አለ፦ ከመጀመሪያው መጀመር አለብን ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በወቅቱ መልሱ አይደለም የሚል ነበር። ሁለተኛው ዶዝ ቢዘገይም፣ በተገኘበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ይወሰድ ነበር እንጂ የመጀመሪያው አይደገምም ነበር። እስከዚያው ድረስ ጭምብል ማድረግና ንጹሕ አየር በማይዘዋወርባቸው ቤቶች ውስጥ አለመሰብሰብ ያልተከተበውንም፣ በግማሽ የተከተበውንም ይመለከት ነበር።