«ማስታገሻ» የሚለው ቃልና የጥራት መለኪያው

በተለመደው አነጋገር «ማስታገሻ» የሕመም መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለማስታገሻ ሕክምና የሰጠው ትርጓሜ ግን ከአካል ሕመም አልፎ የሥነ ልቡናን፣ የማኅበራዊ ኑሮንና የመንፈስን ችግር፣ እንዲሁም ቤተሰቡን ያጠቃልላል። ልዩነቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎልቶ ይታያል። በ2006 በአሜሪካ የወጣው መለኪያ የሕመሙን ክትትል ብቻ አይቆጥርም፤ ስለ ሕመምተኛው የሚወስነው ሰው በመጀመሪያው ቀን መታወቁን፣ እስከ አምስተኛውም ቀን ከቤተሰቡ ጋር ምክክር መደረጉን ይጠይቃል።

ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው በአዳማና በሻሸመኔ፣ ተርጓሚው ቃሉን በመድኃኒትነቱ ብቻ ከወሰደው ምክክሩ ከመለኪያው ይወጣል፤ መድኃኒት ተሰጥቶ ቤተሰቡ ምንም ሳይነገረው ቢቀር እንኳ ሥራው እንደ ተሟላ ይቆጠራል። ስለዚህ መድኃኒቱን «ሕመም ማስታገሻ»፣ አገልግሎቱን በሙሉ «የማስታገሥ እንክብካቤ» ብሎ መለየት ይገባል።