ወዳጁን ስለሚመታ ጐልማሳ ጠባይ

ዱላ ከጋብቻ በኋላ በባልና በሚስት መካከል ብቻ የሚደርስ ነገር ይመስላቸው የነበሩ ሊቃውንት ዓይናቸውን ወደ መጠናናት ዘመን የመለሱት፥ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት መምህር ጀምስ ሜክፒስ እ.ኤ.አ. በ1981፥ ከጠየቃቸው የኮሌጅ ተማሪዎች ከአምስቱ በአንዱ ያህል የፍቅር ጓደኝነት ውስጥ ጥቃት የደረሰ መሆኑን ከገለጠ ወዲህ ነው። እጁን የሚያነሣው ጐልማሳ ከማያነሣው በምን ጠባይ ይለያል የሚለው ጥያቄም ከዚያ በኋላ በረታ።

አንዳንዶቹ ሥሩን በትዕቢት ይፈልጋሉ። ፖልሃስና ዊልያምስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ራስን ማምለክን፥ ተንኰልንና ርኅራኄ ማጣትን ‹‹ጨለማ ጠባያት›› ብለው በአንድነት ካቈራኟቸው ጀምሮ ብዙ ተጽፏል፤ ከሦስቱም ከጥቃት ጋር ይበልጥ ተጣብቆ የሚገኘው ርኅራኄ ማጣቱ ነው። ዶናልድ ደተን ግን ሚስቶቻቸውን የደበደቡ ወንዶችን ለብዙ ዘመን መርምሮ ከቁጣው በታች ሌላ ነገር አየ፤ ይኸውም ትታኝ ትሄዳለች የሚል ፍርሃት ሲሆን፥ ፍርሃቱ ቅንዓትን፥ ቅንዓቱም ጥርጣሬን እየወለደ ሰውየውን ወደ ዱላ ያደርሰዋል፤ ከመነሻዎቹም አንዱን አባቱ እያዋረደው ባደገ ልጅ ሕፃንነት ውስጥ አገኘው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፥ በኒው ዚላንድ በደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናትን እስከ ጕልምስና የተከታተለው ጥናት ነው። ቴሪ ሞፊትና ባልንጀሮቿ በ18 ዓመታቸው የተመዘነውን ጠባይ በ21 ዓመታቸው ከታየው ግብር ጋር ቢያስተያዩ፥ ፈጥኖ የሚቈጣና ሰው ሁሉ የሚበድለው የሚመስለው ልቡና ሌላውን ወንጀልም ወዳጅን ማጥቃትንም አስቀድሞ ሲያመለክት፥ ራስን የመግዛት ጕድለት ግን ወንጀልን እንጂ ወዳጅን ማጥቃትን አላመለከተም። እንግዲህ ‹‹ሰይጣን አሳስቶኝ ነው›› የሚለው ምክንያት፥ በሽማግሌ ፊት ቢያመች እንኳ፥ በዚህ ጥናት ፊት ምስክር አላገኘም።

ያም ሆኖ ጠባይ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። ዲቦራ ካፓልዲ በኦሬገን የተከታተለቻቸው ወጣቶች ወዳጅ ሲለውጡ የጥቃታቸው መጠን እንደ ቀድሞው ጸንቶ አልተገኘም፤ ይህ ግን በደሉን ወደ ሴቲቱ ያሸጋግራል ብሎ የሚያነብ ቢኖር ጥናቱን አጣሞ አንብቧል። በሰሜን ካሮላይናም ቫንጂ ፎሺ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትምህርት ቤቶች ያስጀመረችውን ወዳጅን ማጥቃትን የሚከላከል ትምህርት የተማሩ ልጆች፥ ከ4 ዓመት በኋላ እንኳ ካልተማሩት ይልቅ ወዳጆቻቸውን ያጠቁት በጥቂቱ ነበር።