አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የቤት ቡና እና የጤና ባለሙያው ጥያቄ

እንደሚታወቀው በሀገራችን ቡና ለብቻ የሚጠጣ መጠጥ አይደለም። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ ቡናው ተቆልቶ ሽታው ለተጠሩት ከዞረ በኋላ ተወቅጦ ጀበናው ውስጥ ይገባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በከተማም ሆነ በውጭ ሀገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ትንንሽ የኤስፕሬሶ ማሽኖች ከጀበናው ጎን ቦታ እያገኙ መጥተዋል። ቡና ወዳጆች ተሰብስበው የይርጋጨፌን፣ የጉጂንና የሐረርን ጣዕም እያነጻጸሩ ያመሻሉ። ይህ ሁሉ በጤና ተቋም የታካሚ ካርድ ላይ ሲደርስ ግን ወደ አንዲት አጭር መስመር ይጠባል፦ «ቡና፦ በቀን ሦስት ስኒ»።

ይህች መስመር ለባለሙያው የምትነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ቡና በታካሚው ላይ የሚያመጣው ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚወሰነው በስኒው ቁጥር ሳይሆን ቡናው በምን ያህል መጠን፣ መቼ፣ ከምን ጋር እና በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደተጠጣ ነው።

ስኒ መለኪያ ሊሆን ይችላልን?

የአረቢካ ቡና ከክብደቱ ውስጥ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ነው። ለአምስት ሰው 40 ግራም ቡና ተፈላ እንበል። በውስጡ ያለው ካፌይን በጠቅላላው 480 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጠጪ ቢበዛ ከ100 ሚሊ ግራም በታች ይደርሰዋል። ካፌይን በሙቅ ውኃ በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣል፤ ቶናውና በረካው በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ የሚፈሉ ናቸው። ስለዚህ አቦል ብቻ ጠጥታ በተነሳችው ጎረቤትና በረካውን ጠብቃ በሄደችው መካከል ያለው ልዩነት ካርዱ ላይ የአንድና የሦስት ቢሆንም በደም ውስጥ ግን ያን ያህል አይደለም። በአንጻሩ ያንኑ 40 ግራም ሁለት ሆነው የሚጠጡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚያፈሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው እስከ 720 ሚሊ ግራም ሊወስዱ ይችላሉ። በመሆኑም «ስንት ስኒ ይጠጣሉ?» ከሚለው ይልቅ «በቀን ስንት ጊዜ ይፈላል? ስንት ሆናችሁ ነው የምትጠጡት?» የሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

የኤስፕሬሶው ሒሳብ ከዚህ ይለያል። ኤስፕሬሶ ከ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ትንሽ ከፍ ያለ ውኃ በ9 ባር ግፊት፣ በ25 እና በ30 ሰከንድ መካከል፣ በደቃቅ ቡና ውስጥ በማሳለፍ የሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የተፈለሰፈው፣ በብዙ ቤቶች የሚገኘው የሞካ ማፍያ ግፊቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ጣዕሙ ቢቀራረብም በጥብቅ አነጋገር ኤስፕሬሶ አያወጣም። በ7 ግራም ቡና የሚዘጋጅ 30 ሚሊ ሊትር ነጠላ ኤስፕሬሶ ከ60 ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ካፌይን ይኖረዋል። የዛሬዎቹ ቡና ወዳጆች ግን ለድርብ ስኒ 18 ግራም መጠቅጠቅን ለምደዋል፤ ይህም ወደ 200 ሚሊ ግራም ሊጠጋ ይችላል። የወፍጮውን ድቀት ለማስተካከል አራት አምስት ጊዜ እያወጣ የሚቀምስ ሰው እንግዶቹ ሳይደርሱ የቀኑን ድርሻ ጨርሷል ማለት ነው። ወተት ሲጨመርበት ማኪያቶ ይሆናል እንጂ ካፌይኑ አይቀንስም። ሮቡስታ የተቀላቀለበት ቡና ደግሞ ከአረቢካ ወደ እጥፍ የተጠጋ ካፌይን አለው።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ስጋት እንደማይፈጥር ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 የእርግዝና ክትትል መመሪያው በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ ምክንያቱም ከፍተኛ መጠን ከጽንስ መጨናገፍና ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር የተያያዘ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግድበት ፍጥነትም ከሰው ሰው ይለያያል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ሲሆን፣ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት እስከ 15 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ በአዲስ በተወለደ ሕፃን ዘንድ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያዘገየዋል፣ ሲጋራ ማጨስ ያፋጥነዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ካፌይንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ልቤ መታ፣ እንቅልፍ አጣሁ የሚል ታካሚ ሲያጋጥም ስለ ቡናው መጠየቅ ተገቢ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ታካሚ ቡናውን በድንገት ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ከምግብ በኋላ የሚፈላው ቡና

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በሀገራችን ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የካፌይኑ ጉዳይ አይደለም፤ የብረት ማዕድን ጉዳይ ነው። በቡና ውስጥ የሚገኙት ፖሊፌኖሎች፣ በተለይም ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። በሥጋ ውስጥ ያለው የሄም ብረት በዚህ ረገድ የተሻለ ይቋቋማል፤ ይሁንና የአብዛኛው ሕዝባችን ማዕድ፣ በጾም ወራትም ሙሉ በሙሉ፣ እንጀራና ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከሥጋ ምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዚያው ጥናት ሌላኛው ውጤት ነው፦ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ቅናሽ አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ሆኖ ተገኘ። «ከምግብ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ» የሚለው የተለመደ ምክር እንግዲህ የተፈለገውን አይፈጽምም። ገበታው ተነስቶ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀዳ የሚያልፈው ጊዜ ይህችው አንድ ሰዓት ናትና።

የብረት ኪኒንም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 በስዊዘርላንድ የብረት ክምችታቸው ባነሰ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ኪኒኑን ከቡና ጋር መውሰድ መመጠጡን በ54 በመቶ እንደሚቀንሰው አረጋግጧል። በእርግዝና ክትትል ላይ ያለች እናት ኪኒኗን በየቀኑ ሳታቋርጥ ውጣ ሄሞግሎቢኗ አልጨምር ሲል፣ ብዙ ጊዜ የምትጠየቀው «በእርግጥ ትውጪዋለሽ?» የሚል ጥርጣሬ ያዘለ ጥያቄ ነው። በምን እንደምትውጠው የሚጠይቃት ግን እምብዛም አይገኝም። ኪኒኑ የሚያቅለሸልሻት ሴት በአቦሉ ስኒ ብታወራርደው የሚያስገርም አይደለም።

መፍትሔው ቡናዋን መከልከል አይደለም፤ ሰዓቱን ማዛወር ነው። ኪኒኑ ማታ በመኝታ ሰዓት በውኃ ቢዋጥ ከቡናው ይርቃል፣ ማቅለሽለሹም ይቀላል። ቡናው ደግሞ በምሳና በራት መካከል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ቢሆን ከምሳው ሁለት ሰዓት በላይ ይዘገያል፣ ከራቱም በብዙ ይቀድማል። ይህ ሰዓት ለእንቅልፍም ይስማማል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀድሞ እንኳ ቢወሰድ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር አሳይቷልና፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው የ10 ሰዓቱ ቡና የመጨረሻው ቢሆን ይመረጣል።

የቡና ቤቱ አየር

በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ብዙ ቤተሰቦች ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ጢሱ ካለፈና ፍሙ ከቀላ በኋላ ያስገቡታል፤ ይህም ጢሱን በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን የቀላው ፍም ራሱ ያለ አንዳች ጢስ ጋዙን መልቀቁን ይቀጥላል። ጢስ የለም ማለት አደጋ የለም ማለት እንዳልሆነ ለቤተሰብ በግልጽ መነገር አለበት። አደጋው የሚበረታው በክረምት በርና መስኮት ሲዘጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአራስ ቤት ነው፤ ብርድ እንዳይመታት ክፍሏ በተዘጋ እናት ዘንድ ቡናው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደጋግሞ ይፈላል፣ ጨቅላውም በዚያው ይተኛል። ዕጣኑ በበኩሉ የአስም ሕመም ያለበትን ሰው ያስነሳል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እየባሰ ሲሄድም ግራ መጋባትና ራስን መሳት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሀገራችን ልማድ ምርመራውን ያሳስታል፦ ቡና ጠጪ ራሱን ሲያመው «ሱሴ ነው» ይላል፣ ሌላ ጀበናም ይጣዳል። ሁለቱን መለየት ግን አያዳግትም። የሱስ ራስ ምታት ቡና ከቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ ቡና ሲጠጣ ይለቃል። የከሰሉ ግን ቡና እየተጠጣ ሳለ የሚጀምርና የሚብስ፣ ውጭ ሲወጡ የሚቀል፣ አብዛኛውን ጊዜም በክፍሉ ያሉትን ሌሎች ሰዎች የሚይዝ ነው። ስለሆነም «ቤት ውስጥ ሌላ ያመመው አለ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። የተለመደው የጣት ኦክሲሜትር ሁለቱን የሄሞግሎቢን ዓይነቶች ስለማይለይ 98 በመቶ እያሳየ ታካሚው ሊሞት ይችላል፤ በዚህ መሣሪያ ንባብ ተማምኖ ታካሚን ወደዚያው ክፍል መመለስ አይገባም። ሕክምናው ታካሚውን ከክፍሉ ማውጣትና በጭምብል ከፍተኛ ኦክስጅን መስጠት ነው፤ በተራ አየር ከ4 እስከ 5 ሰዓት የሚወስደው የጋዙ ግማሽ መውጫ ጊዜ በኦክስጅን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማና ከዚያም በታች ይወርዳል።

የሱሱ ራስ ምታት ራሱ ሌላም ቦታ ያሳስታል። በቀን 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከላይ እንዳሰላነው የአንድ ጀበና ድርሻ ያህል፣ በቋሚነት የሚወስድ ሰው ሲያቋርጥ ሊያመው ይችላል፤ ሕመሙም ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። በጀርባ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በማግስቱ ራሷን ሲያማት ማደንዘዣው ብቻ አይጠርጠር፤ ስትቀመጥ ብሶ ስትተኛ የማይቀል ከሆነ መጨረሻ ቡና የጠጣችው መቼ እንደነበረ ትጠየቅ። ለጿሚዎችም ከጾሙ በፊት ባሉት ቀናት መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ይረዳል።

ስለ ጀበናው አተላና ስለሚጨመርበት

በወረቀት ማጥለያ ያላለፈ ቡና ካፌስቶልና ካህዌኦል የተባሉ፣ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርጉ የዘይት ውሁዶች ይኖሩታል። ነገሩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ በተካሄደ ጥናት ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ቡና እንደኛው እየተፈላ ይጠጣ ነበር። ጀበናም በአሠራሩ ከዚሁ ወገን ነው። ኤስፕሬሶም እነዚህን ውሁዶች ይይዛል፤ ስኒው ትንሽ ስለሆነ የሚያሳስበው ሲበዛ ነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ላለ ታካሚ በወረቀት የተጠለለ ቡና ማማከር ይቻላል። በጨው ቡና የሚጠጣበት አካባቢ ያለ ባለሙያም የደም ግፊት ታካሚውን ስለ ጨው ሲጠይቅ ስለ ወጡ ብቻ ጠይቆ እንዳያቆም።

ካንሰርን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ መድቦት የነበረ ሲሆን በ2016 ከዚያ አውጥቶታል። በምትኩ ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ ማንኛውንም መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል አድርጎ መድቧል። እንግዲህ አቦሉን ጥቂት አብርዶ መጠጣት ይበጃል። በመጠኑ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ በጉበት ሕመምና በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን በርካታ የክትትል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህ ምክንያትና ውጤትን የሚያረጋግጥ ባይሆንም ታካሚን ያለ በቂ ምክንያት ቡና አቁም ከማለት የሚገታ ነው።

ከዚህም ሌላ ቡናን መከልከል ከመጠጡ በላይ የሆነ ነገርን መከልከል ይሆናል። ቡና የተከለከለች ሴት ከጎረቤቶቿ ወሬ፣ ከዕቁቡ ምክርና ከለቅሶው መጽናኛ ትለያለች፤ ወይም፣ ይህ ይበልጥ የተለመደ ይመስላል፣ ምክሩን ትታ ለባለሙያው «አቁሜያለሁ» ትላለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ለማስተማር የቡናውን ሥነ ሥርዓት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስለ ኪኒኑ ሰዓት፣ ስለ ከሰሉና ስለ ተከፈተው መስኮት ለመነጋገርም ረከቦቱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሴቶች በቂ ናቸው፤ ባለሙያዋም ብትሆን «ቡና ጠጪ» ስትባል ገብታ ብትቀመጥ፣ ምድጃው የት እንደተቀመጠና ሕፃኑ የት እንደተኛ በዓይኗ ታያለች።