የማሽላ ጠላ በንጽሕና እንዴት ይጠመቃል?
(ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጠምቅ የቤት እመቤት)

በመተማና በዙሪያዋ ባለው ቆላ ማሽላ የቤት ምሰሶ ነው። እንጀራው ከማሽላ፣ ገንፎው ከማሽላ፣ ጠላውም ከማሽላ ነው። ከድንበሩ ማዶ በሱዳንም ከዚሁ እህል መሪሳ የሚባል መጠጥ ሲጠመቅ ኖሯል። ታዲያ አንዲት ልጅ ጎጆ ወጥታ የመጀመሪያ ጠላዋን ስትጠነስስ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገራት ስለ ጣዕሙ ነው እንጂ ስለ ንጽሕናው አይደለም። ይህች ጽሑፍ ሁለቱንም አብራ ታስረዳለች።

«ጠላ ጀርም ይገድላል» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። እጅን ከተሐዋስያን ለማጽዳት የሚታሸው አልኮል ብርታቱ ከመቶ 60 እጅና ከዚያ በላይ ነው። የቤት ጠላ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ቢሆን ነው። ጎምዛዛነቱ አንዳንዱን ተሐዋስ ያዳክማል፤ ሁሉን ግን አይገድልም። በተለይ በመጨረሻ በሚጨመረው ውኃ፣ በእጅና በመጠጫ የሚገባው በሽታ ከጠጪው ሆድ ይደርሳል። ተቅማጥና ታይፎይድ፣ ኮሌራም በዚህ መንገድ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በመተማ አጠገብ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ ሰው ገድሏል። ያን ያመጣው ጠላ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ኮሌራ ከደጃችን ሩቅ አለመሆኑን ያሳያል።

1ኛ. ስለ ዕቃው

ጋኑና እንስራው በግራዋ ቅጠል ደኅና ተደርጎ ይታሻል፤ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ጭሱ መልካም ሽታ ይሰጣል፤ የማጠብን ሥራ ግን አይተካም።

በሰሊጥና በጥጥ እርሻ የአረም ማጥፊያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ለጠላም ለውኃም ከቶ አይሁን። «አሥር ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ ሽታውም ጠፍቷል» ማለት አያድንም። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል፤ ኋላ ወደ መጠጡ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጀሪካን ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት መብሳት ይገባል። ዚንክ በተቀባ የቆርቆሮ ባልዲና በርሜልም ጠላ አታስቀምጡ። ጎምዛዛው መጠጥ ዚንኩን እየበላ ያሟሟዋል፤ የጠጣውም ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል።

2ኛ. ስለ እህሉና ስለ ብቅሉ

የሻገተ ማሽላ ለጠላ ይሆናል የሚባለው ነገር ጎጂ ነው። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ይህም መርዝ ቢቆሉት፣ ቢያፈሉት፣ ቢያብላሉት ፈጽሞ አይጠፋም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ መሞከር ይሻላል። ለ25 ሊትር ያህል ጠላ 5 ኪሎ ማሽላ፣ 1 ኪሎ ተኩል ብቅል፣ ግማሽ ኪሎ የጌሾ ቅጠልና ሩብ ኪሎ የጌሾ እንጨት ይበቃል። ለብቅሉ ማሽላው ታጥቦ አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይጠነፈፋል፤ በንጹሕ ቅጠል ወይም ጨርቅ ተሸፍኖ እስኪበቅል ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ ከመሬት ከፍ ብሎ በፀሐይ ይደርቃል።

እዚህ ላይ አማትና ምራት የሚነጋገሩትን እንስማ።

«እማማ፣ ብቅሉ ደርቋል። ላስፈጨው?»

«አይ ልጄ፣ ቡቃያውን ሳታራግፊ? ላሚቱ ለጋ ማሽላ በልታ የሞተችው በምን ሆነና!»

አማቲቱ እውነት አላት። ለጋ ማሽላ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር ይዟል። በብቅሉም ላይ ይህ ነገር በብዛት ያለው በቡቃያውና በሥሩ ነው። ስለዚህ ብቅሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ በእጅ ታሽቶ፣ ቡቃያና ሥሩ በሰፌድ ተበጥሮ መውጣት አለበት። ከዚያ ወዲያ ይፈጫል። ጥሬ ብቅልም ለልጅ አይሰጥም።

3ኛ. ጥንስስና ድፍድፍ

የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ፈልቶ በቀዘቀዘ 3 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ፣ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆያል። ይህ ጥንስስ ነው። ከማሽላው ዱቄት 1 ኪሎው ቂጣ ሆኖ በደንብ ይጋገራል፤ ተቆራርሶም ከብቅሉ ዱቄት ጋር በጥንስሱ ላይ ይጨመራል። ብቅሉ የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጣል። ሲንተከተክ የሚታየውም ይኸው አየር ነው።

ሁለት ቀን ሲሆነው የቀረው 4 ኪሎ ማሽላ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በጥቂት ውኃ ታሽቶ በምጣድ ላይ እየተገላበጠ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከተወቀጠው የጌሾ እንጨት ጋር በጋኑ ይጨመራል። ትኩሱን መጨመር እርሾውን ይገድለዋል። ድፍድፉን የምታሽ እጅ በሳሙና የታጠበች፣ ጥፍሯም የተቆረጠ ይሁን።

በደጋ ድፍድፍ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቆይ ግድ የለም። በዚህ ቆላ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ስለሚያልፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎም ይኮመጥጣል። ጋኑን በጥላ፣ ከወገቡ በታች በአፈር ቀብሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮም መመልከት ይገባል። በጀሪካን የምታስቀምጥ ክዳኑን አጥብቃ አትዝጋ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳል።

4ኛ. ስለ ውኃው

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ድፍድፉ ሲደርስ 20 ሊትር ያህል ውኃ ይጨመርበታል። ይህ ውኃ ከዚያ በኋላ እሳት አያየውም። ከጓንግ ወይም ከሌላ ወንዝ የተቀዳ ውኃ እንዲሁ ቢጨመር፣ የወንዙ በሽታ ሁሉ በጠላው ገብቶ ለጎረቤት ይታደላል ማለት ነው። ስለዚህ ውኃው ማታ ተንተክትኮ ይፍላ፤ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ በፈላበት ዕቃ እንደ ተከደነ ይደርና ጧት ቀዝቅዞ ይጨመር። «እንጨቱ ውድ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ በተቅማጥ ቢታመም ለመኪናና ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ከእንጨቱ ይበልጣል። ከዚያ ጋኑ ይታሸጋል፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጠላው ይጠጣል። ሻጋታ ያበጀ ወይም ክፉ ሽታ ያለው ጠላ ግን ይደፋ እንጂ ለሰው አይሰጥ።

5ኛ. ስለ አጠጣጡ

በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ይመጣል፤ ጠላ የምትሸጥም ሴት ብዙ ናት። አንዱ የጠጣበት ጣሳ ሳይታጠብ ለሌላው አይሰጥ። መቅጃው ለብቻ ይሁን፤ እጅ ከጋኑ አይግባ። ሰክሮ በሜዳ፣ በግራር ሥር በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ የተኛ ሰው ለወባ ትንኝና ካላዛር ለምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

እርጉዝ ሴት ጠላ አትጠጣ፤ አልኮሉ ለጽንሱ ይደርሳልና። «ቅራሪ ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ለልጅ መስጠትም መልካም አይደለም። ልጅ የሚያስፈልገው ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ነው።

ይህን ሁሉ ለማስታወስ ለሚከብዳት እናት አንድ ቃል ይበቃል፤ ለልጅሽ የማታጠጪውን ውኃ በጠላ ጋን አትጨምሪ።