ራዲያተር የሚያፈላው በረሃው ነው ወይስ ክዳኑ?

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ላይ፣ የፊት ወንበሩ ተነስቶ ከሥሩ እንፋሎት የሚተፋ አሮጌ ሚኒባስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ተሳፋሪዎች ጥላ ፍለጋ ተበታትነው፣ ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውኃ ሲፈልግ ይታያል፡፡ ሾፌሩ ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በረሃው ነው» የሚል ነው፡፡ በረሃውም ዳገቱም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አይካድም፡፡ ይሁን እንጂ ጤነኛ ሞተር እንዲህ ያለውን ዳገት የመውጣት አቅም ስላለው፣ ችግሩ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ሲነሱ አብሮ የተጫነ ነው፡፡

ጉዳዩ ቀላል አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል፡፡ በመሆኑም በእጅ ያለን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጥያቄ ሆኗል፡፡ አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ ሞተር ደግሞ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ የሚመለሰው በብዙ ወጪ ነው፣ ያውም ከተመለሰ፡፡

በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውኃ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል፣ ንፋስ ሲመታው ቀዝቅዞ ይመለሳል፡፡ ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪናው ወደ 1,300 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፡፡ ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ሲንፏቀቅ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ከፍተኛ፣ ከፊት የሚመታው ንፋስ ግን አነስተኛ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ የተዘጋ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ ወይም የደከመ የውኃ ፓምፕ ራሱን ያጋልጣል፡፡

ብዙዎች የማያስተውሉት ግን የራዲያተሩን ክዳን ነው፡፡ ክዳኑ ውኃው እንዳይፈስ ብቻ ሳይሆን ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው፡፡ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፡፡ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፡፡ የብዙ ሞተሮች የሥራ ሙቀት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፡፡ ጤነኛ ክዳን በሚይዘው ግፊት ምክንያት የመፍያ ነጥቡን በደጋ ከፍታም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፡፡ ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ይህን መጠባበቂያ ያጠፋዋል፡፡ ዳገቱን እየጨረሱ ወደ ደጀን ሲቃረቡ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ነፋሻማ ቦታ ደረስን ሲባል ራዲያተሩ ሊፈላ የሚችለውም ለዚህ ነው፡፡

ሌላው ጥፋት የውኃው ዓይነት ነው፡፡ ከቧንቧና ከወንዝ የሚቀዳ ውኃ ዝገትና ማዕድን እያስቀመጠ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር መተላለፊያዎች ይዘጋል፡፡ ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም በተወሰነ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፡፡ «አገሩ ሞቃት ነው» በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም የተለመደ ነው፡፡ ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር በደጋ ብርድ ሳይሞቅ ስለሚነዳ ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያረጃል፡፡ በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ እንዲዞር ስለሚያደርግ፣ ይባስ ብሎ ሙቀቱን ይጨምራል፡፡

በመንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው መውጣት ሲጀምር ኤሲ ማጥፋት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው መክፈትና በከባድ ማርሽ ነዳጅ ቀንሶ መንዳት ይረዳል፡፡ ሂተሩ እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላልና፡፡ እንፋሎት ከታየ ግን ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው፡፡ ውኃው ካለቀ መለኪያው የሚለካው ነገር ስለማያገኝ መርፌው ሊወርድ እንደሚችልም ማወቅ ያሻል፡፡ «ቀዘቀዘ» ተብሎ ጉዞ ሲቀጥል ሞተሩ የሚቃጠለው ያኔ ነው፡፡

ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ፊትና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል፡፡ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ታግሶ፣ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ እያሉ መክፈት ያስፈልጋል፡፡ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መገልበጥም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፡፡ ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይሻላል፡፡

ከዚያ በኋላ ጉዞው መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስኑት ሦስት ምልክቶች ናቸው፡፡ በራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ አልጠራ ካለ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጋስኬት ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተጣሟል ብሎ መጠርጠር ይገባል፡፡ በዚህ ሁኔታ ውኃ እየጨመሩ «ደጀን እስክንደርስ» ማለት ጋስኬት ቀይሮ፣ ቴስታታ አስልጦ የሚያልፈውን ጥገና ሙሉ ሞተር ወደ መቀየር ያሸጋግረዋል፡፡ ተሳፋሪን በሌላ መኪና ልኮ ተሽከርካሪውን ማስጎተት ውድ ቢመስልም ርካሹ አማራጭ ነው፡፡

ሞተሩ ከፈላ በኋላ ሊደረግ የሚችለው ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ነው፡፡ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ክዳኑን ማስፈተሽ፣ ቺንጋውንና ቱቦዎቹን በእጅ መዳሰስ፣ በየቀኑ ውኃ የሚጎድል ከሆነም «ትንሽ ነው» ሳይሉ የሚወጣበትን መፈለግ ግን ከባለንብረቱ የሚጠበቅ ነው፡፡ በየማለዳው ውኃ የሚጠይቅ መኪና ሕመሙን እየተናገረ ነውና፣ የአባይ በረሃ እስኪመሰክርበት መጠበቅ አይገባም፡፡