ሞዴል አውሮፕላን ማብረርን በክለብ መማር

ሞዴል አውሮፕላን ሰው የማይሳፈርበት፣ መሬት ላይ የቆመ አብራሪ በሬዲዮ ሞገድ የሚመራው አነስተኛ በራሪ ነው። ከመዳፍ የማይበልጥ አለ፤ ክንፉ ከሰው ቁመት የሚረዝምም አለ። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ለውድድር የሚቀበለው ከፍተኛ ክብደት 25 ኪሎ ግራም ነው። መጠኑ ያንስ እንጂ የሚበርበት ሕግ የመንገደኛ አውሮፕላኑ ሕግ ነው፦ የክንፉ ማንሻ ኃይል ክብደቱን መሸከም፣ የሞተሩ ግፊትም የአየሩን ተቃውሞ መቋቋም አለበት።

የዘርፉ ማኅበራት ከሬዲዮው ይቀድማሉ። የብሪታንያው ማኅበር በ1922፣ የአሜሪካው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲመሠረቱ ሞዴሎቹ አንዴ ከተለቀቁ በራሳቸው በረው የሚያርፉ ነበሩ። ዋልተር እና ዊልያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሠሩት «ጋፍ» የተባለው ሞዴል በ1937 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ እየተመራ በረረ። ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ሬዲዮው ክለብን የግድ አደረገው። ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ በአንድ የተወሰነ ሞገድ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ ከከፈቱ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ትእዛዙን ስቶ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ በየሜዳው ሰሌዳ ይተከል ነበር፤ ተራ የደረሰው አብራሪ የሞገዱን ምልክት ከሰሌዳው ሳይዝ መቆጣጠሪያውን አይከፍትም ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው የ2.4 ጊጋኸርትዝ መቆጣጠሪያ የራሱን አውሮፕላን መቀበያ ለይቶ ስለሚያውቅ ይህን ስጋት አቃልሎታል። የተራ፣ የመቆሚያ ቦታና የመነጋገር ሥርዓቱ ግን እስከ ዛሬ ቆይቷል።

የመሣሪያው አካላት ጥቂት ናቸው። አብራሪው የሚይዘው መቆጣጠሪያ ትእዛዙን ይልካል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ትእዛዙን ለትንንሽ ሞተሮች ያስተላልፋል። ሰርቮ የሚባሉት እነዚህ ሞተሮች በክንፉና በጭራው ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያዞራሉ። በክንፉ ጫፍ አካባቢ ያሉት ኤለሮኖች አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላሉ፤ ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ራደር ደግሞ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ይመልሳል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ብዙውን ጊዜ በሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የዚህ ባትሪ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ቻርጅ ሲደረግ ሰው ከአጠገቡ አይለይም።

ለጀማሪ የሚመረጠው አውሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ የክንፎቹ ጫፎችም በትንሹ ወደ ላይ ያዘነበሉ ነው። እንዲህ ያለው ቅርጽ አጋድሎ ሳለ የመቆጣጠሪያው እጀታ ቢለቀቅ በራሱ ወደ መስተካከል ያደላል። ቀደም ሲል ከባልሳ እንጨት ይሠራ ነበር፤ አሁን በብዛት የሚገኘው ወድቆ ሲሰበር በማጣበቂያ የሚጠገን የፎም አውሮፕላን ነው። ከበረራ በፊት ሚዛኑ ይታያል፤ የክብደቱ ማዕከል ከክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉን ስፋት ሩብ ያህል ገባ ብሎ፣ ወይም ከዚያ በጥቂቱ አልፎ መገኘት አለበት። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ለባለሙያም አይታዘዝም።

ትምህርቱ የሚጀምረው በኮምፒውተር ነው። የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ላይ መውደቅ ወጪ ስለሌለው ተማሪው ጣቱን ያለ ፍርሃት ያለማምዳል። ሜዳ ሲወጣ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ፍተሻ ነው፦ ክንፉ ጠብቆ ታስሯል ወይ፣ ኤለሮኑና ኤሌቬተሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራሉ ወይ፣ ባትሪው ሞልቷል ወይ፣ ሬዲዮው ከርቀት ይሰማል ወይ። መቆጣጠሪያው ከአውሮፕላኑ በፊት ይከፈታል፤ ከአውሮፕላኑ በኋላ ይዘጋል። ባትሪው ከተያያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ፕሮፔለሩ ሊነሳ እንደሚችል ስለሚታሰብ ማንም ፊት ለፊቱ አይቆምም።

በመጀመሪያዎቹ በረራዎች አሠልጣኙና ተማሪው ሁለት የተያያዙ መቆጣጠሪያዎች ይይዛሉ። አሠልጣኙ አንድ ማብሪያ ሲጫን ትእዛዙ ለተማሪው ይተላለፋል፤ ሲለቀው ወዲያው ወደ እሱ ይመለሳል። ይህ ማብሪያ በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ውስጥ በአስተማሪው እግር ስር የሚገኘው ፍሬን የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። አሠልጣኙ አውሮፕላኑን አስነስቶ በቂ ከፍታ ላይ ካደረሰ በኋላ ለተማሪው ይሰጠዋል፤ ተማሪው ቀጥታ መብረርን፣ ከፍታ ሳያጣ መዞርን፣ ቀጥሎም በሜዳው ዙሪያ አራት ማዕዘን መሥራትን ይለማመዳል።

ጀማሪን አብዝቶ የሚፈትነው የአቅጣጫ ነገር ነው። አውሮፕላኑ ከአብራሪው ሲርቅ ቀኝ ቀኝ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ወደ አብራሪው ሲመጣ ግን በቀኝ እጀታ የሚታዘዘው ማጋደል ለዐይን ወደ ግራ ይታያል። አሠልጣኞች ለዚህ የሚሰጡት ቀላል ዘዴ አለ፦ አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው እየመጣ ከሆነ እጀታው ዝቅ ወዳለው ክንፍ ይገፋል፤ ክንፉም ይነሳል። ይህ ሳይታሰብ በጣት እስኪመጣ ድረስ ስምንት ቁጥርን በአየር ላይ መሥራት ይደጋገማል፤ ሁለቱንም አቅጣጫ ያስለምዳልና።

ሁለተኛው ፈተና ፍጥነት ነው። አውሮፕላን ሲዘገይ አፍንጫውን ቀና በማድረግ ከፍታውን ለመጠበቅ መሞከር ክንፉን ከማንሻ ኃይሉ ያራቁተዋል። ይህ ስቶል ይባላል፤ ከመሬት አቅራቢያ ሲደርስ መመለሻ ቦታ የለውም። ስለዚህ ተማሪው ስቶልን በከፍታ ላይ ሆን ብሎ ይፈጥረዋል፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበት ጨምሮ መውጣትንም ይማራል። ማረፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መነሳትም ማረፍም ፊትን ለነፋሱ ሰጥቶ ነው። ብዙ ክለቦች ተማሪውን ብቻውን ከመልቀቃቸው በፊት በፈታኝ ፊት መነሳትን፣ ዙርን፣ ስምንት ቁጥርን፣ ማረፍንና የደኅንነት ጥያቄዎችን ይፈትኑታል።

በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራ መማር የራሱ ስሌት አለው። ለምሳሌ ወላይታ ሶዶ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ስቶል የሚገባበት ፍጥነት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፕሮፔለሩ የሚሰጠው ግፊትም ይቀንሳል። ቀለል ያለ አውሮፕላን፣ ሰፋ ያለ ክንፍ፣ ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይመረጣል። ከሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ በቦምቤም የቦታው ከፍታ ታውቆ ይሰላል። ወላይታ ሕዝብ በጥግግት ከሚኖርባቸው የአገሪቱ ዞኖች አንዱ ስለሆነ፣ ከቤት፣ ከመንገድ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከገበያ የራቀ ክፍት ሜዳ ማግኘት ከባዱ ሥራ ነው። በበልግና በክረምት ዝናብ ስለሚበዛ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ጧቶች፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ ለጀማሪ ይመቻሉ።

ፈቃድ ከሁሉ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ድሮንን ጨምሮ ሰው አልባ በራሪን ወደ አገር ማስገባትም ሆነ ማብረር ያለ ፈቃድ አይፈቀድም፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ፣ የጦር ካምፕና የሕዝብ ስብሰባ አጠገብ ማብረር ፈጽሞ አይታሰብም። በቦምቤም ሆነ በሶዶ ክለብ ለመመሥረት የሚነሳ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቅ፦ በመጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሜዳና ልምድ ያለው አሠልጣኝ፣ አውሮፕላኑ የሚገዛው በመጨረሻ ነው።